ሦስት ቀን የታሰረው ፖስታ

ሜይ 29፣ ዓርብ

ዛሬ ፋብሪካው አስተርጓሚ አድርጎ ሾመኝ። ሹመቱ ዕረፍቴን በዐሥር ደቂቃ ከማርዘም ያለፈ ነገር የለውም። የጤና ጥንቃቄው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ተለጥፎ ከከረመ በኋላ፣ እዚህ ስኮትላንድ ዳርቻ ላይ ዓሣ ከሚቆርጡት እጆች ግማሾቹ የፖላንድ መሆናቸውን አንድ አለቃ አስተዋለ። እኔም ፖላንድ፣ ታርኑፍ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩና፣ ወረቀት ሲሰጡኝ እምቢ ማለት አልለመደብኝም።

ትኩሳት። የማይለቅ ሳል። ሽታ አለመለየት። ከሦስቱ አንዱን ያየ ሰው ሰባት ቀን ከቤት አይውጣ።

አብራኝ የምትሠራው ኢዎና በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ ታነባለች። መኪናዋ የሁላችንም መኪና ናት፤ ጠዋት እየዞረች ትለቅመናለች፣ ማታ ትበትነናለች።

«ሦስተኛው በሽታ ነው እንዴ?» አለች። «እዚህ ቤት ለሚሠራ ሰውማ ጉርሻ ነው።»

ቤት ስገባ አቶ ቴዎፊል በሁለታችን ቤት የሚያልፈውን የማሞቂያ ቱቦ ሁለት ጊዜ መቱ፤ «አለሁ» ማለታቸው ነው። ሦስት ጊዜ ከመቱ «ነይ» ነው። ከእኔ በታች፣ ምድር ቤቱ ላይ ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጆሯቸውን ሽቼቺን መርከብ መሥሪያው ውስጥ ለመዶሻ፣ ሳንባቸውን ለቀለም አስረክበው ነው ጡረታ የወጡት። ልጃቸው ዩስቲና በፌብሩዋሪ ፖላንድ፣ ግዲኒያ ከተማ፣ ቤት ልታዘጋጅ ሄደች፤ በኤፕሪል መጥታ ልትወስዳቸው ነበር። በማርች ድንበር ተዘጋ። «ወይዘሮ ሮማና፣ አባቴን ለእርስዎ፣ እርስዎን ለእግዜር» አለችኝ በስልክ። እግዜር ድርሻውን መቀበሉን አላውቅም፤ እኔ ተቀብያለሁ።

ጁን 3፣ ረቡዕ

ሦስት ጊዜ መቱ። ወረድኩ።

ሕጋችን ግልጽ ነው። እኔ ደጃፉ ላይ፣ በጭምብል። እሳቸው ከኮሪደሩ ማዶ ወንበራቸው ላይ። ሰው የሚገባቸው ከንፈር ሲያዩ ነው፣ ጭምብል ደግሞ ከንፈር የለውም፤ ስለዚህ የሕፃናት ነጭ ሰሌዳ ገዝቼ በትላልቅ ፊደል እጽፍላቸዋለሁ። እሳቸው ጮክ ብለው ይመልሳሉ። ሰፈሩ ግማሹን ጭውውት ያውቀዋል።

«የአገራችን ምርጫስ?»

«በፖስታ ብቻ ነው፤ በወረርሽኙ ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ።

«መዝግቢኛ።»

«ዘንድሮ ቢቀርብዎትስ?»

«ኮሚኒስቶቹ ከወደቁበት ከሰማንያ ዘጠኝ ጀምሮ አንድም አልቀረብኝ። ሚስቴን በቀበርኩ ማግስት እንኳ መርጫለሁ፤ ጥቁር ክራቫት አስሬ።» ቀጥለውም፣ «እዚህ አገር ስሜ የሚገኘው ክሊኒክ መዝገብና የጋዝ ሂሳብ ላይ ነው። እዚያ ዝርዝር ላይ ካለሁ፣ አለሁ ማለት ነው» አሉ።

ማንን እንደሚመርጡ ልጠይቅ ሰሌዳውን ሳነሣ ፊቴን አነበቡት።

«እሱን ሚስቴም ሳታውቅ ነው የሞተችው።»

ሁለታችንንም መዘገብኩ። ፖስታው ሲመጣ እኔ አመጣላቸዋለሁ፤ እሳቸው ይሞላሉ፤ እኔ ሣጥን ውስጥ እጥላለሁ፤ ከምርጫው እሑድ፣ ከጁን 28 በፊት ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መሃል እሳቸውን አላሳምማቸውም። ቃል የገባሁት ይህን ነው።

ጁን 8፣ ሰኞ

ከደረጃው ሥር ያለውን የድንች ሣጥን ባዶ አደረግሁት። ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ቤት የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ሦስት ቀን እዚያ ይተኛል። ጋዜጣ ላይ አነበብኩ፤ ወረቀት ላይ የተቀመጠ ነገር በሦስት ቀን ይሞታል።

«ምን አጥፍተው ታሰሩ?» አለች ኢዎና። «ጠበቃስ ቆሞላቸዋል?»

ትሳቅ። እሷ ምድር ቤት ውስጥ አደራ የተቀበለችው አባት የላትም።

ጁን 12፣ ዓርብ

ከመቁረጫው መስመር ሁለት ሰው ቀርቷል። አለቃው «ጀርባቸውን አሟቸው» ብሎናል። ሁለት ጀርባ በአንድ ቀን።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አራት ነበርን፤ መስኮቶቹ ዝግ። ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ትንሽ ልክፈት ብትል፣ «አንገቴን ልታጣምሚኝ ነው?» ብላ ኢዎና ጮኸችባት። የእኛ ሰው ከሁለት ጦርነት ተርፎ በጎን በሚገባ ነፋስ ይሞታል። ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ የጤናውን ወረቀት የተረጎምኩት እኔ ነኛ። ወረቀቱ ላይ «መስኮት ይከፈት» የሚል መስመር አለ። እኔም ላብ ላይ ነበርኩ። መጽሐፌን ገለጥኩ።

ጁን 16፣ ማክሰኞ

ፖስታው የለም። የኢዎና ቅዳሜ ደርሷታል። አቶ ቴዎፊል ጠዋት ሦስት፣ ቀን ሦስት፣ ማታ ሦስት ጊዜ መቱ። ሰሌዳው ላይ «የለም» የሚለውን ማጥፋት ትቼዋለሁ፤ ይዤው ብቻ እወርዳለሁ።

ጁን 18፣ ሐሙስ

መጣ። ሁለቱም። ወፋፍራም፣ የአገራችን ንስር የታተመባቸው። በጓንት ይዤ ወደ ሣጥኑ።

«መጥቷል፤ እሑድ ያገኙታል።»

ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?»

«ሦስት ቀን።»

«ወረቀት ነው እኮ፣ ወይዘሮ ሮማና። አያስነጥስም።»

«ሕግ ነው።»

«የማን ሕግ?»

የእኔ። ሰኞ ጠዋት ብጥለው በጊዜው እንደሚደርስ አስልቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ አስልቻለሁ። አጉረመረሙ፣ ግን እሺ አሉ። በሩን ስዘጋ ለራሳቸው እያወሩ ነበር፤ ለራሳቸው ሲያወሩ ደግሞ ይበልጥ ይጮኻሉ። «ሴትዮዋ ደግ ናት። ትንሽ ጉምሩክ ቢጤ ናት እንጂ።»

ጁን 19፣ ዓርብ

ራስ ምታት። እንቅልፍ ማጣት ነው።

ፋብሪካው ዛሬ አልሸተተም። ማጽጃ ቀይረው መሆን አለበት። ኢዎናን ልጠይቃት አስቤ ረሳሁት።

ጁን 20፣ ቅዳሜ

የቀይ ሥር ሾርባ ሠርቼ በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ቆመው ተጣሩ።

«ወይዘሮ ሮማና፣ ኮምጣጤው ተንጠባጥቦ ነው ወይስ ጠርሙሱ ራሱ ወድቆ ገባ?»

ሁለት ጊዜ ቀምሼው ነበር። እንስላሉም ጥሩ አልነበረም፤ የድሮ ስለሆነ ሽታ የለውም። አዲስ ልግዛ።

የተረጎምኩት ወረቀት ትርፍ ቅጂ ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። ዛሬ አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ወጥ ቤቱን ያጨናንቃል።

ነገ እሑድ ነው። ከእኔ ሌላ ወደ እሳቸው የሚገባ ሰው የለም። ኢዎናን እንዳልልክ መኪናዋ ውስጥ ስንት ሰው ይሳፈራል፤ አደጋ ነው።

ጁን 21፣ እሑድ

ተፈጸመ። በዝርዝር ልጻፈው፤ አንድ ቀን ታሪክ ይሆናል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፖስታውን ከእስር ፈታሁት። አቶ ቴዎፊል ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የጠረጴዛ ልብሱን አንጥፈው ጠበቁኝ። ፖስታው ውስጥ የምርጫ ወረቀት፣ ትንሽ ፖስታ፣ ትልቅ ፖስታ፣ የሚፈረም ማረጋገጫ፣ ሁለት ገጽ መመሪያ። ማረጋገጫው «ድምፄን ራሴ፣ በምስጢር ሰጥቻለሁ» ይላል። እሱ ትንሹ ፖስታ ውስጥ ከገባ ወይም ሳይፈረም ከቀረ፣ ድምፁ ቆሻሻ ነው።

እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉ የጉንዳን ፊደል ነው። ሁለት ገጽ መመሪያ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ገብቼ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ከፈትኩላቸው።

«ዝጊው። ወንድሜን የገደለው እንዲህ ያለ ነፋስ ነው።»

ዘጋሁት። ሸሚዛቸው ስስ ነው፤ አልተከራከርኩም።

አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ከከንፈሬ ሳይነቅሉ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ተከተሉ፤ እንደ ተማሪ ይደግሙልኛል። ማርች ከገባ ወዲህ ከሰው ጋር በቅጡ ያወሩት ዛሬ ይመስለኛል። መመሪያው ሲያልቅ እንኳ አላስነሡኝም፤ ስለ መርከብ፣ ስለ ሚስታቸው፣ ዩስቲና ልጅ ሆና ስለሰበረችው መስታወት አወሩልኝ። ሳቅሁ። እሳቸውም የሳቄን ቅርጽ አይተው ሳቁ።

«አሁን ወደ ግድግዳው ዙሪ» አሉኝ።

«አላይም እኮ።»

«ሚስቴም እንዲሁ ትል ነበር። ዙሪ።»

ሩብ ሰዓት ግድግዳ አየሁ። ከኋላዬ ብዕሩ ሲፋቅ፣ ሲቆም፣ ማጉያ መነጽሩ ጠረጴዛውን ሲነካ ይሰማኛል። ራሳቸው አሸጉት። ማረጋገጫውን ፈረሙ። ሲጨርሱ ክራቫት አለማሰራቸውን አስታውሰው አዘኑ።

ጥሩ ቀን ነበር። ጥንቃቄ አልጎደለም፤ ስገባም ስወጣም እጄን ታጥቤያለሁ።

ጁን 22፣ ሰኞ

ኢዎና ስትወስደኝ ቀዩ ሣጥን ጋ አስቆምኳት። ሁለቱንም ጣልኩ። ሲወድቁ ሰማሁ።

ጁን 24፣ ረቡዕ

ሳል። ትንሽ። ትናንት ኢዎና ቀዝቃዛ ነፋስ ለቀቀችብን፤ መስኮቱን ለመኪና ማቆሚያ ትኬት ከፍታ ነበር። ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ለጥንቃቄ።

ሁለት ጊዜ መቱ። ሁለት ጊዜ መለስኩ።

ጁን 26፣ ዓርብ

ጠዋት አልመቱም። ቀትር ላይ ሁለት ጊዜ፤ ሁለተኛው በጣም ቀስ ብሎ።

ወርጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ብርድ ልብስ ተከናንበዋል።

«ብርድ ብርድ አለኝ። የሰሞኑ መስኮት ነው።»

ለስንት ደቂቃ ነው የከፈትኩት? አንድ? ሁለት? መክፈት አልነበረብኝም። ይኸው ነው ጥፋቴ። ደጋግሜ አስባለሁ፤ ስስ ሸሚዝ ለብሰው፣ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ እኔ መስኮት እከፍታለሁ።

ጁን 28፣ እሑድ

የምርጫው ቀን። አምቡላንሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌሊቱን ቱቦው ዝም ብሎ ነበር።

ሦስቱም ባለሙያዎች ከእግር እስከ ራስ ተሸፍነዋል። ለስለስ ብለው ያወሯቸዋል፣ በእንግሊዝኛ፣ ከጭምብል ኋላ። አቶ ቴዎፊል ከአንዱ ጭምብል ወደ ሌላው ዓይናቸውን ያንከራትታሉ። አንድም ቃል አልደረሳቸውም። እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ሲያልፉ አዩኝ፤ በእጃቸው የፖስታ ቅርጽ ሠሩ።

«ደርሷል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

መድረሱን አላውቅም። አናታቸውን ነቀነቁ።

ጁን 30፣ ማክሰኞ

ፋብሪካው ሁላችንንም አስመረመረ። ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ተገኘበት። እኔም። ኢዎና ነጻ ናት፤ እግዜር ቀልደኛ ይወዳል።

ከጤና ቢሮ አንዲት ልጅ ደወለች። ድምጿ ጣፋጭ ነው። «የኔ እመቤት፣ ምልክቱ የጀመረሽ መቼ ነው? ሳል፣ ሽታ መጥፋት?»

«ሃያ አራት። ሳል።»

«ከዚያ ሁለት ቀን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ከሃያ ሁለት ወዲህ ከሁለት ሜትር በታች፣ ከሩብ ሰዓት በላይ ማን ጋር ነበርሽ?»

ኢዎናን ነገርኳት። መኪናውን ነገርኳት።

«ሌላ?»

«ሌላ ማንም የለም።»

ከሃያ ሁለት ወዲህ ማንም የለም። ትክክለኛ መልስ ነው። ስታመሰግነኝ የኮምፒውተሯ ቁልፎች ሲንጣጡ ይሰማ ነበር።

ጁላይ 3፣ ዓርብ

አቶ ቴዎፊል ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ።

ዩስቲና ደወለች። አላለቀሰችም፤ ማልቀሱ ለብቻዋ እስክትሆን የሚቆያት ዓይነት ሰው ናት። ቀብሩ ላይ መድረስ አትችልም፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ይላክላታል።

«ሆስፒታሉ ከየት እንደያዛቸው አያውቅም» አለች። «ከክሊኒክ ይሆናል። ጁን መጀመሪያ ላይ ደም ሰጥተው ነበር።»

«ይሆናል።»

«እርስዎማ ለደብዳቤ እንኳ እስር ቤት የሠሩ ሰው ነዎት። አባባ በሳቅ ነበር የሚነግረኝ። ይህን አልረሳልዎትም፣ ወይዘሮ ሮማና።»

አፌን ከፈትኩ። «እግዜር ያጽናሽ» የሚል ወጣ።

ጁላይ 5፣ እሑድ

ቱቦው ሲሞቅ ይንኳኳል። ብረት ነው፣ ይለጠጣል፤ በማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ላይ አለ። ዛሬ ሦስት ጊዜ ተለጠጠ። ከታች ቤቱ ባዶ ነው፣ ውሃውም ተዘግቷል።

ደጃፉ ድረስ ወርጄ ተመለስኩ።

ጁላይ 6፣ ሰኞ

ሰባቱ ቀን አልቋል፤ ነጻ ነኝ ተብያለሁ። የመጀመሪያው ዙር አልለየለትምና ለሁለተኛው ዙር አዲስ ፖስታ ተልኳል። ሁለት። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለቴዎፊል ግራባርቺክ።

ኢዎና ደጅ ቆማ ነበር፤ ገበያ ይዛልኝ መጥታለች።

«ሙዪላቸው እንጂ» አለች። «ሙት አይከሰስ። ማንን እንደሚፈልጉ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም።»

«አንድ ቱቦ ተጋርታችሁ?»

«ዩስቲናም ልክ እንዳንቺ ታውቃለች። የሷ እጩና ያንቺ እጩ ግን አንድ አይደሉም።»

ኢዎና ቀልዷን ተወች። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ «ሮማና፣ ያን ሰሞን የምንቆርጠው ዓሣ፣ ሄሪንጉ፣ አይሸትሽም ነበር አይደል? መኪናው ውስጥ ሰናፍጭ ሲፈስ ሁላችን ስናስነጥስ አንቺ መጽሐፍሽን ታነቢ ነበር» አለችኝ።

«ማጽጃ ቀይረው ነው።»

«አልቀየሩም።»

ገበያውን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ስታልፍ ትከሻዬን ልትነካ እጇን ዘርግታ፣ አስታውሳ ሰበሰበችው።

የአቶ ቴዎፊልን ፖስታ «ተቀባዩ አርፏል» ብዬ ጽፌበት ለፖስተኛው መለስኩ። ሣጥኑ ውስጥ አላስተኛሁትም።

ጁላይ 8፣ ረቡዕ

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩ። ቤተ መጻሕፍት ሳለሁ ከብዙ አንባቢ የተረዳሁት ነገር፣ ሰው ገጽ የሚገነጥለው ያልወደደውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። ሁለት ጊዜ ገጹን ያዝኩት። ልተወው።

ጁን 19 ሽታ ጠፋብኝ። ወረቀቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ጁን 20 ከማቀዝቀዣው ላይ ያነሣሁት ስላነበብኩት ነው።

ጁን 21 ጭምብሌ አገጬ ላይ ነበር። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እስከ መስታወቱ ታሪክ። ስልሳ አምስት ደቂቃ፣ መስኮቱ ዝግ። ለሩብ ሰዓቱ ብቻ ፊቴን ስላዞሩኝ የተነፈስኩት ግድግዳ ላይ ነው። የምርጫ ምስጢር ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፖስታውን እንዳመጣሁት ብሰጣቸው ኖሮ፣ ገና እንስላል የሚሸተኝ ቀን ነበር። ከወረቀቱ ላይ ያለው ነገር እስኪሞት ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ በነዚያ ሦስት ቀን እኔ ላይ ያለው አደገ።

ከክሊኒክ ይሆናል፣ ከመኪና፣ ከምንም ይሆናል። ሆስፒታሉ አያውቅም። ዩስቲና ግን ልታውቅ የምትችለውን ያህል እንኳ አታውቅም፤ ቀሪው እኔ ጋ ስላለ።

ሳያስነሡኝ ስላወሩልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ልጻፈው። ቤቴ ማንም አይጠብቀኝም ነበርና ቆየሁ።

ጁላይ 9፣ ሐሙስ

ለዩስቲና ጻፍኩ። በስልክ አልሆነም፤ እኔ ሳልጀምር ታመሰግነኛለች። ሁለት ገጽ። ቀኖቹን በሙሉ አስገባሁ፤ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ዘጠኝ ቦታ ሰርዤ አንድ ቦታ ተውኩት። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እንዲህ ላለ ነገር ይቅርታ መጠየቅ መልስ እንድትጽፍ ማስገደድ ነው።

ለጤና ቢሮዋም ልጅ ደወልኩ። ሌላ ልጅ አነሣች። «ቀኑን ላርም ነው» አልኳት። አረመችው።

ፖስታ ቤት ሁለት ነገር ይዤ ሄድኩ፤ ድምፄንና ደብዳቤውን። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሴት የትኛው እንደሚቸኩል ጠየቀችኝ። ድምፄ በተራ ፖስታ ይሂድ አልኩ፤ ቢጠፋ ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ አለ። ደብዳቤው ተመዝግቦ፣ በፊርማ። እንደ አቶ ቴዎፊል ድምፅ፣ ደረሰ አልደረሰ ሳላውቅ ልኖር አልችልም።

ጁላይ 12፣ እሑድ

ሁለተኛው ዙር። ኢዎና ውጤቱን ልንገርሽ ብላ ደወለች። ነገ ንገሪኝ አልኳት።

ደብዳቤው ዋርሶ ገብቷል ይላል ኮምፒውተሩ፤ ከዚያ ወደ ግዲኒያ ነው።

ጁላይ 17፣ ዓርብ

ዩስቲና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ደብዳቤውን ተረክባዋለች። ኮምፒውተሩ ላይ ፊርማዋ ይታያል፤ ችኩል፣ ደስተኛ ፊርማ ነው፣ ሰው ስጦታ ሲቀበል እንደሚፈርመው።

ሁለት ገጽ ነው። ቀስ ብላ ብታነብ አምስት ደቂቃ።

ስምንት ሰዓት። ምንም።

ዐሥራ አንድ ሰዓት። ሾርባ ሠርቼ አልበላሁትም። ጨው በዝቶበታል፤ በዝቶ መሆኑን አሁን ለይቻለሁ።

ዐሥራ ሁለት ከሃያ። ስልኩ እየጠራ ነው። የግዲኒያ ቁጥር ነው። ይህን መስመር ጨርሼ አነሣዋለሁ።